ከእንዶድ እስከ ስካርቦሮ ቤተ ሙከራ፡ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተማሪ ተመራማሪ ሥራው ምንድን ነው?

በቶሮንቶ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ስካርቦሮ፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ካሉት ሦስት ግቢዎች አንዱ ይገኛል። ግቢው የተመሠረተው እአአ በ1964 ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ።

የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተህዋሲ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የገደላቸው ምን ነበር? ይህን መሰል ጥያቄ መመለስ፣ ይኸውም ከተክል ወይም ከብልቃጥ የተገኘው ንጥረ ነገር በትክክል ምን እንደሆነ ማረጋገጥ፣ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተማሪ ተመራማሪ የዘወትር ሥራ ነው።

ቀኑ እንዴት ያልፋል?

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የካርበን ውህዶችን ያጠናል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌን፣ በአረቄ ውስጥ ያለው ኤታኖል እና አብዛኞቹ መድኃኒቶች ከእነዚህ ውህዶች ይመደባሉ።

ተማሪው ጋዋንና የመከላከያ መነጽር አድርጎ፣ መርዛማና ተቀጣጣይ ትነትን ወደ ውጭ በሚስብ ሳጥን ፊት ቆሞ ይሠራል። ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል እንደመዘነ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀትና ለስንት ሰዓት እንደሚያቆይ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ያልተጻፈ ሙከራ ሌላ ሰው ሊደግመው ስለማይችል እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ውህዱ በሚብላላበት ሰዓት ተማሪው ጥቂት ጠብታ እየወሰደ በቀጭን ሽፋን ክሮማቶግራፊ ይፈትሻል። በሳህኑ ላይ የመነሻው ንጥረ ነገር ነጥብ ጠፍቶ አዲስ ነጥብ ከታየ ለውጥ ተካሂዷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈለገውን ውህድ ከተረፈ ምርቱ መለየት ይቀራል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከውህደቱ የበለጠ ሰዓት ይወስዳል።

ድካሙን ስሌት ያሳየዋል። አንድን ሞለኪውል ለመሥራት አምስት ደረጃዎች ቢያስፈልጉና በእያንዳንዱ ደረጃ 80 በመቶው ቢተርፍ፣ መጨረሻ ላይ የሚገኘው 33 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ደረጃዎቹ አሥር ከሆኑ ደግሞ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ለወራት የተደከመበት ሥራ በጥቂት ሚሊግራም ዱቄት ሊቋጭ ይችላል።

ማስረጃው ከየት ይመጣል?

ነጭ ዱቄት ማግኘት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ዋናው ዳኛ ኤንኤምአር የተባለው መሣሪያ ነው። በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች በሚቀዘቅዝ ኃይለኛ ማግኔት አማካኝነት፣ በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሃይድሮጅን በምን ዓይነት አካባቢ እንደሚገኝ ያሳያል። ለምሳሌ ኤታኖል 3፣ 2 እና 1 ሃይድሮጅን የያዙ ሦስት ምልክቶችን ይሰጣል። ተማሪው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ተርጉሞ የሞለኪውሉን ቅርጽ ይገነባል።

የስካርቦሮው ግቢ ይህንኑ መሣሪያ ለአካባቢ ጥናት የሚያውል የኤንኤምአር ማዕከል አለው። በዚያም አፈር፣ ውሃና ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይመረመራሉ።

ከእንዶድ የተገኘ ትምህርት

የእንዶድ ምስጢር በዚሁ መንገድ ተፈታ። ፍሬው አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በተባሉ ውህዶች ምክንያት ሲሆን፣ ቀንድ አውጣን የሚገድሉትም እነርሱ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ለይተው ቅርጹን የወሰኑት በካሊፎርኒያ የነበሩ ኬሚስቶች ናቸው፤ ለዶ/ር አክሊሉ ክብር ለማቶክሲን ተባለ። ውጤቱም እአአ በ1974 በካናዳ የኬሚስትሪ መጽሔት ላይ ታተመ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በመርከብ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የገቡ ባዕድ ዛጎል ለበስ እንስሳት የውሃ ቧንቧዎችን መድፈን ጀመሩ። ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ እነዚህንም እንደሚገድል አረጋግጦ በ1990ዎቹ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ተክሉ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ በመሆኑ፣ ከእውቀቱ ተጠቃሚ መሆን ያለበት ማን ነው የሚለው ክርክር ተነሣ።

ክርክሩ ለዛሬው ተማሪም ይሠራል። አንድን ተክል ማወቅ እና በውስጡ ያለውን ሞለኪውል ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው መሣሪያ ይጠይቃል።

ዕድሉ ለማን ነው?

በካናዳ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ወደ ምርምር ከሚገቡባቸው መንገዶች አንዱ፣ የአገሪቱ የተፈጥሮ ሳይንስና ምሕንድስና ምርምር ምክር ቤት የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ነው። ተማሪው እስከ 16 ሳምንታት ድረስ በሙሉ ጊዜ ተቀጥሮ ይመራመራል። ድጋፉ ለዜጎች፣ ለቋሚ ነዋሪዎችና ከለላ ለተሰጣቸው ሰዎች የተገደበ ስለሆነ፣ በተማሪ ቪዛ የመጡ ኢትዮጵያውያን ሌላ የገንዘብ ምንጭ መፈለግ ይኖርባቸዋል።

በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ባለ 400 ሜጋኸርዝ ኤንኤምአር ሲጠቀም ቆይቷል፤ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡ ናሙናዎችም እዚያው ሲመረመሩ ኖረዋል። ከአገር ቤት ተክል ለወራት ደክሞ ጥቂት ሚሊግራም ያወጣ ተማሪ፣ ብልቃጡን ይዞ ተራ መጠበቅ ግድ ይለዋል። ማሽኑ ቢቆም የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይቆማል። የስካርቦሮው ተማሪ ግን ጠዋት የሠራውን ውህድ ማንነት ከሰዓት በኋላ በግቢው ውስጥ ሊያውቅ ይችላል።