ከባሕር ጠልቆ መውጣት እና የማይመለሰው የመስማት ጉዳት

ከአቃባ እስከ ሻርም ኤል ሼክ ባሉ የቀይ ባሕር ዳርቻዎች የታመቀ አየር ተሸክመው ለሚጠልቁ ሰዎች በብዛት የሚያጋጥመው ጉዳት የጆሮ ነው።

መነሻው ግፊት ነው። ጠላቂው 10 ሜትር ሲወርድ ግፊቱ ከውሃው ገጽ በእጥፍ ይበልጣል። በአፍንጫው የኋላ ክፍል በኩል ወደ መካከለኛው ጆሮ አየር ካላስገባ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሊቀደድም ይችላል። ጀማሪዎች ጥልቁን ይፈራሉ እንጂ ጆሮ ይበልጥ የሚፈተነው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ነው።

የተቀደደ ታምቡር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱን ይጠግናል። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ጆሮ አልከፈት ሲል አፍንጫን ይዞ በኃይል መንፋት የውስጠኛውን ጆሮ ስስ ሽፋን ሊቀድና ፈሳሹን ሊያፈስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ ሕዋሳት ሊጎዱ ይችላሉ፤ እነዚህ ሕዋሳት በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የመስማት መቀነስ፣ የማያባራ የጆሮ ጩኸትና ማዞር ይከተላሉ።

ሐኪሞችን የሚያስቸግረው፣ ከጥልቀት ሲወጡ በሰውነት ውስጥ የሚፈጠሩ የናይትሮጅን አረፋዎችም ተመሳሳይ ምልክት ማሳየታቸው ነው። የአረፋው ሕክምና ታማሚውን በግፊት ክፍል ውስጥ ማስገባት ሲሆን፣ ለተቀደደው ሽፋን ግን ይኸው ግፊት ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ ሲወርዱ ጀመረ ወይስ ከወጡ በኋላ የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ይነሳል።

ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ወስዶ መጥለቁም አያዋጣም፤ መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ሳለ ኃይሉን ካጣ፣ ሲወጣ የሚሰፋው አየር በጆሮው ውስጥ ይታፈናል።