የሕፃናት ትንፋሽና የወላጆች አደራ

ሰው ሕያው የሆነው ከፈጣሪው በተቀበለው እስትንፋስ መሆኑን ከቅዱሳት መጻሕፍት ተምረናል። እንግዲህ ትንፋሽ አደራ ከሆነ፥ አፉን ያልፈታ ሕፃን የትንፋሹ ጠባቂዎች አባቱና እናቱ ናቸው። ይህን አደራ እንዴት እንደምንጠብቅ ለመናገር አንድ ያየነውን ነገር እናስቀድማለን።

በ2011 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ ከብቸና ከተማ ወጣ ባለች መንደር የምትኖር አንዲት ተማሪያችን ከፈተና ብትቀር፥ ምክንያቱን ለመጠየቅ ወደ ቤቷ ሄድን። ቤቱ በኩበት ጭስ ታፍኗል፤ እናቲቱ እንጀራ ትጋግራለች፤ ልጅቱ የ7 ወር ወንድሟን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ያስለዋል፤ አፍንጫው ይርገበገባል፤ ጡትም አልይዝ ብሏል። እናቲቱ፥ «የኔታ፥ እንጥሉ ወርዶበት ነው፤ ማታ የሚቈርጥለት ሰው ይመጣል» አለችን። እኛም፥ «እኅቴ፥ እስቲ አስቀድመን ደረቱን እንየው» አልናት። ልብሱን ገልጠን በሰዓታችን ብንቈጥር በ1 ደቂቃ 64 ጊዜ ተነፈሰ፤ አየር በሳበም ቍጥር ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጕዳል። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ሐኪሞቹ የሳንባ ምች መሆኑን አውቀው ኦክስጅንና መርፌ ሰጡት፤ ከሳምንት በኋላም ጡት ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እንጥሉም ዛሬ በቦታው አለ።

የሳንባ ምች ማለት አየር የሚሞላባቸው የሳንባ ጥቃቅን ከረጢቶች በተሕዋስያን ተጠቅተው በመግልና በፈሳሽ ሲሞሉ የሚመጣ በሽታ ነው። ሕፃኑ የጐደለውን አየር ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ሊሞላ ይታገላል። በሽታው በደረት ውስጥ ሳለ የጕረሮን እንጥል መቍረጥ፥ ጣራው የሚያፈስበት ሰው ደጃፉን እንደ መጠገን ነው። ደም ያፈስሳል፤ ባልጸዳ ስለት መንጋጋ ቈልፍና ሌላም በሽታ ያስገባል፤ ከሁሉ ይልቅ መዳኛውን ሰዓት ይሰርቃል።

ስለዚህ ሕፃን ሲያስለው ሳያለቅስና ሳይጠባ፥ በጸጥታ ሳለ፥ የሆዱንና የደረቱን ከፍ ዝቅ ማለት እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቍጠር ይገባል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ሆኖ 60፥ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ቢተነፍስ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በመንደር እንዲያክሙ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈቅዶላቸዋል። ሕፃኑ ጡት እንቢ ካለ፥ ካንቀጠቀጠው፥ ከደነዘዘ ወይም ከንፈሩ ከጠቈረ ግን አንዲት ሰዓት እንኳ አትለፍ። የተሰጠው መድኃኒትም ሳልሱ ቀለለው ተብሎ በመካከል አይቋረጥ።

በሽታው ሳይመጣ መከላከልም ይቻላል። ከብቸና እስከ ሞጣ ያለው አገራችን ደጋ ስለ ሆነ በክረምት ደጁ ተዘግቶ እሳት ሲነድ ይዋላል፤ በአንቀልባ የታዘለውም ልጅ ከእናቱ ጋራ ጭሱን ይስባል። መጋገሪያውን ለብቻ ማድረግ፥ የጭስ መውጫ መክፈት፥ ማገዶ ቈጣቢ ምድጃ መሥራት፥ ጋገራ እስኪያልቅ ልጁን ለሌላ ሰው ማስያዝ ከአቅማችን በላይ አይደለም። የሳንባ ምች ክትባትም በ2004 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቷል፤ በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የመጀመሪያው ክትባት ሁለት ቀን ብቻ ይቀረዋል፤ ሴት ልጅ ግን 80 ቀን እስኪሞላት ብትጠበቅ ሁለት ክትባት ያልፋታል። ስለዚህ ክርስትናዋ ሳይደርስ እናት ይዛት ወደ ጤና ኬላ ብትሄድ መልካም ነው።

ጕልማሶችንም አንርሳ። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሞጣ አካባቢ አድባራት የቆሎ ተማሪዎች በጠባብ ጎጆ ተጨናንቀው ያድራሉ። ከመካከላቸው 2 ሳምንት ያለፈው ሳል የያዘው ቢኖር የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን አክታውን ያስመርምር፤ በመንግሥት ጤና ተቋም ሕክምናው ያለ ክፍያ ነው፤ መድኃኒቱንም በትእዛዙ መሠረት የፈጸመ ይድናል። ሌሊት ሌሊት የሚያስለውና ደረቱ ሲር ሲር የሚለው ደግሞ አስም ሊሆን ይችላል። አስም አይተላለፍምና ጓደኞቹ አይሽሹት፤ ከጭስና ከአቧራ ያርቁት፤ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒትም ሐኪም ያዝዝለታል።

አንዳንዶች፥ «ጸበሉን ትቶ ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጕደል አይሆንምን?» ይላሉ። አይሆንም። ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ያስተምረናል። በጸሎት የምንለምነው አምላክ መድኃኒቱንም ሐኪሙንም የሰጠን እርሱ ነው። የትንፋሻችን ባለቤት እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ ለእኛም በጊዜው የምናይበትን ዓይን ይስጠን። አሜን።