ጢሱ ካለፈ በኋላ፦ የከሰል ፍም፣ የታፈነ ቤትና የመስኮት ስሌት

የክረምቱ ብርድ ሲበረታ በደጋው የአገራችን ክፍል በርና መስኮት ዘግቶ በከሰል ምድጃ ዙሪያ መሰብሰብ የተለመደ ነው። ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፤ ከዚያም የተረፈው ፍም ቤቱን እንዲያሞቅ ታስቦ እዚያው ሊያድር ይችላል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች አይጠነቀቁም ማለት አይደለም። ከሰሉን ደጅ አያይዘው፣ ጢሱ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ ፍሙ ሲቀላ ነው ወደ ቤት የሚያስገቡት። ሆኖም ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ቤተሰብ ታፍኖ አደረ የሚል መርዶ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ጢስ የሌለው ፍም ሰውን እንዴት ይገድላል? መስኮት መክፈትስ ምን ያህል ይረዳል? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በኬሚስትሪና በቀላል ሒሳብ እንመረምራለን።

በፍም ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ከሰል ሲያያዝ የሚጨሰው በውስጡ የቀረው እርጥበትና በሚገባ ያልከሰለው እንጨት እስኪያልቅ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦን ስለሆነ ጢሱ ይጠፋል። አደጋው ግን ከጢሱ ጋር አይጠፋም። ከምድጃው ሥር የሚገባው አየር መጀመሪያ ካገኘው ፍም ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራል። ይህ ጋዝ በጋለው የፍም ክምር መካከል ወደ ላይ ሲያልፍ ከሌላ ካርቦን ጋር ይገናኛል፤ አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ከአንድ የካርቦን አቶም ጋር ተዋሕዶ ሁለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎችን ይሰጣል። አንዳንድ ጊዜ በፍሙ አናት ላይ የምናየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል ነው። ነበልባሉ በማይኖርበት ጊዜ ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይገባል። ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም። እንግዲህ ከሰልን ደጅ ማያያዝ ዓይናችንን ከጢስ ያድናል እንጂ ከካርቦን ሞኖክሳይድ አያድነንም።

በደም ውስጥ የሚደረግ ሽሚያ

በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት ቢሆንም ቀስ በቀስ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የሰውነት መዛል ይከተላሉ። እነዚህ ምልክቶች ጉንፋንን ወይም ተራ ድካምን ስለሚመስሉ ሰው ጋደም ማለትን ይመርጣል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ደግሞ ምልክቱ ሲበረታ አያውቅም። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃ

እስቲ ወለሉ 3 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። የሚይዘው አየር 30 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ኪሎግራም ከሰል ሲቃጠል ወደ 200 ግራም የሚጠጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ መጠኑ እንደ ከሰሉና እንደ ምድጃው ዓይነት ከፍና ዝቅ ይላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 100 ግራም ከሰል ቢቃጠል 20 ግራም ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። የክፍሉ አየር ፈጽሞ ባይለወጥ፣ በሰዓቱ መጨረሻ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 670 ሚሊግራም ገደማ ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት ያስቀመጠው ወሰን 35 ሚሊግራም በሜትር ኩብ ነው። ውጤቱ የወሰኑ 19 እጥፍ ሆነ። ከወሰኑ ላለማለፍ በሰዓት 570 ሜትር ኩብ ያህል ንጹሕ አየር መግባት፣ ይኸውም የክፍሉ አየር በየሰዓቱ 19 ጊዜ መለወጥ ይኖርበታል።

መስኮቱ ምን ያህል ይችላል?

ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ መውጫ፣ ከታች መግቢያ ካገኘ ያለ ማራገቢያ ራሱን ይለውጣል። እያንዳንዳቸው 40 በ50 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ክፍተቶች፣ አንዱ ከሌላው በ1.5 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በውስጥና በውጭ መካከል የ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ቢኖር፣ በስሌት በሰዓት 200 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ያሳልፋሉ። ነፋስ ካለ ይህ መጠን ይጨምራል።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ጀርመናዊው የንጽሕና ሳይንስ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር እ.ኤ.አ. በ1858 የክፍል አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.1 በመቶ እንዳያልፍ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በዚህ ልኬት አንድ ያረፈ ሰው በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ገደማ፣ አራት ሰዎች ደግሞ 120 ሜትር ኩብ ያህል ንጹሕ አየር ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ሁለቱ ክፍተቶች ለቤተሰቡ ትንፋሽ ይበቃሉ። ለከሰሉ ግን ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳ አያሟሉም። በጥቂቱ ገርበብ ያለ አንድ መስኮትማ ከዚህም በጣም ያንሳል። ከስሌቱ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ መጀመሪያ ምንጩን ማስወገድ፣ ከዚያ አየሩን መለወጥ።

የአባቶቻችን የሣር ክዳን ጢስና አየር ያሳልፍ ነበር፤ ማድ ቤቱም ብዙ ጊዜ ከመኖሪያው ተለይቶ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን ኮርኒስ፣ መስተዋትና የብረት በር ቤቱን ሲያጠብቁት ምድጃው ውስጥ ቀርቷል። ጉዳቱም ድንገተኛ መታፈን ብቻ አይደለም። የማገዶና የእጣን ጢስ ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሱ፣ ሳንባ ውስጥ ዘልቀው የሚገቡ ቅንጣቶችን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ሰው በሚተኛበት ክፍል ፍም ፈጽሞ አይደር፤ በአመድ የተዳፈነውም ቢሆን ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም። የኤሌክትሪክ ምድጃ ባለበት ቤት ቡናውም ወጡም በእርሱ ቢሠራ ይመረጣል። ከሰል የግድ ከሆነ በደጅ ወይም በበረንዳ ይሁን፤ ይህም ካልተቻለ በሩና ከፊት ለፊቱ ያለው መስኮት በአንድነት ወለል ብለው ይከፈቱ። ጠዋትና ማታ ለጥቂት ደቂቃዎች ቤቱን ማናፈስ ግድግዳውን እምብዛም ሳያቀዘቅዝ አየሩን ይለውጣል። "ብርድ ይመታናል" ለሚሉ ታላላቆቻችን፣ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በአየር የሚተላለፉ በሽታዎች በታፈነ ክፍል ይበልጥ እንደሚዛመቱ በትሕትና ማስረዳት የተማሪው ድርሻ ነው። ፍም ባለበት ክፍል ብዙዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ደጅ ማውጣትና ሳይዘገዩ ኦክስጅን ወደሚሰጥበት የሕክምና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።