ተጨማሪ መረጃ፦ ዓይን ያልለየውን እጅ ሲያውቀው

እ.ኤ.አ. በ1988 በካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ተመርዛ አንጎሏ የተጎዳ አንዲት ሴት የዕቃዎችን ቅርጽ መለየት ተሳናት። ተመራማሪዎቹ ሜልቪን ጉዴልና ዴቪድ ሚልነር ጠባብ ስንጥቅ አሳይተው ወዴት እንዳዘነበለ ሲጠይቋት መመለስ አቃታት፤ ካርድ አስገቢበት ስትባል ግን አዘንብላ በትክክል ከተተችው። ማየት አንድ ሥራ ብቻ አይደለም የሚያሰኘው ይህ ነው፦ ከአንጎል የኋላ ክፍል ወደ ታች የሚሄደው መስመር ነገሩን ለማወቅ፣ ወደ ላይ የሚሄደው ደግሞ እንቅስቃሴን ለመምራት ያገለግላል። «ዳብሳ ይሆናል» የሚለው ተቃውሞ ብዙ አያስኬድም፤ ካርዱ መዞር የጀመረው ስንጥቁን ሳይነካ ነውና። መስመሮቹ ፈጽሞ አይገናኙም ማለት ግን ማጋነን ይመስለኛል። መዶሻን በእጀታው የምናነሳው ምንነቱን ስለምናውቅ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደሚነሳ ትኩረት ይመርጣል፣ ጣቶች ምን ያህል እንደሚከፈቱ ግን በአብዛኛው ሳናውቀው ይሰላል።