የልጃችሁ እግር ሲፈጥን ሰዓቱን እናንተ ጻፉት



እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ልጃችሁ መርሳ ወይም ወልድያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማራል እንበል። አምና በትምህርት ቤቱ የሩጫ ውድድር ሰባተኛ ወጣ። ዘንድሮ ግን ሁሉንም ጥሎ አንደኛ ሆነ። ማታ ቤት ገብቶ፣ «አባዬ፣ መምህራችን በደንብ ተለማመድ ብለውኛል» አላችሁ። እናንተ ደግሞ ማሽላው አሽቷል፤ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ቸግሯችኋል። ታዲያ ምን ትመልሱለታላችሁ?

«ተወው፣ ሩጫ እንጀራ አይሆንም» ማለት ይቀላል። «በርታ፣ ነገ ሀብታም ታደርገናለህ» ማለትም ይቀላል። ሁለቱም ግን ሳያውቁ መፍረድ ነው። ከመፍረዳችሁ በፊት የአንድ ወጣት ታሪክ እንንገራችሁ።

የአሰላው ልጅ

ይህ ወጣት መሐመድ አማን ይባላል። የተወለደው በአርሲ፣ በአሰላ ከተማ፣ በጥር 1986 ዓ.ም. ነው። ውድድሩ 800 ሜትር ነው። ይህም የሩጫ ሜዳውን ሁለት ጊዜ መዞር ማለት ነው። ኢትዮጵያ በረጅም ሩጫ ስሟ የታወቀ ነው። አበበ ቢቂላን፣ ምሩጽ ይፍጠርን፣ ደራርቱ ቱሉን የማያውቅ የለም። በ800 ሜትር ግን የሚፈሩት ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን ነበሩ።

በሐምሌ 2003 ዓ.ም. መሐመድ በፈረንሳይ አገር፣ በሊል ከተማ፣ በዓለም ታዳጊዎች ውድድር ሮጠ። ዕድሜው 17 ነበር። ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው የኬንያ ልጅ ነው። በነሐሴ ወር በደቡብ ኮሪያ፣ በዴጉ ከተማ፣ ከትልልቆቹ ጋር ተሰለፈ። በፍጻሜው ስምንተኛ ሆነ። ያንን ውድድር ያሸነፈው ኬንያዊው ዴቪድ ሩዲሻ ነው።

ስምንተኛ የወጣ ልጅ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ አንገቱን ይደፋል። መሐመድ ግን 19 ቀን ብቻ ቆይቶ፣ መስከረም 7 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በጣሊያን አገር በሚላኖ ከተማ ከሩዲሻ ጋር እንደገና ተገናኘ። ለረጅም ጊዜ ሳይሸነፍ የቆየውን ሩዲሻን ቀደመው! በመጋቢት 2004 ደግሞ በቱርክ፣ በኢስታንቡል፣ የቤት ውስጥ ሩጫ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያኔ ገና 18 ዓመቱ ነበር።

መንገዱ ግን ሁልጊዜ ሽቅብ አልነበረም። ነሐሴ 3 ቀን 2004 በለንደን ኦሊምፒክ ሩዲሻ በ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ከ91 መቶኛ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። መሐመድ ስድስተኛ ወጣ። ከ21 ቀን በኋላ በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ፣ ያንኑ ሩዲሻን እንደገና አሸነፈው። በመጨረሻም ነሐሴ 7 ቀን 2005 በሞስኮ በ1 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ከ31 መቶኛ ገብቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ቀን ሩዲሻ ተጎድቶ አልተሰለፈም ነበር። ቢሆንም በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሐመድ ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ

እርሳስና ወረቀት ያዙ። ከመሐመድ ሩጫዎች አራቱን እንምረጥ። ደቂቃውን ወደ ሴኮንድ እንለውጠው። አንድ ደቂቃ 60 ሴኮንድ ነው።

ሊል፣ ሐምሌ 2003፦ 104.68 ሴኮንድ።
ሚላኖ፣ መስከረም 2004፦ 103.50 ሴኮንድ።
ዙሪክ፣ ነሐሴ 2004፦ 102.53 ሴኮንድ።
ብራስልስ፣ ጳጉሜን 2005፦ 102.37 ሴኮንድ።

አሁን ቀንሱ። ከሊል እስከ ሚላኖ 1.18 ሴኮንድ አተረፈ። ከሚላኖ እስከ ዙሪክ 0.97 አተረፈ። ከዙሪክ እስከ ብራስልስ ግን 0.16 ብቻ ነው። ድምሩ 2.31 ሴኮንድ ይሆናል። ዓይን ሁለቴ ጨፍኖ እስኪገልጥ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የሊሉ መሐመድና የብራስልሱ መሐመድ አብረው ቢሮጡ ኖሮ፣ የሊሉ ልጅ 18 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። 18 ሜትር በእርምጃ ሃያን ያልፋል።

ከዚህ ሂሳብ ምን እንማራለን? የመጀመሪያው ትርፍ ትልቅ ነው፤ የኋለኛው እያነሰ ይሄዳል። ይህንን እናንተ ከእርሻችሁ ታውቁታላችሁ። ጠፍ መሬት መጀመሪያ በደንብ ሲታረስና ሲዳበር ምርቱ በእጥፍ ይጨምራል። በሦስተኛው ዓመት ግን እንዲያ አይዘልም። ሰነፋችሁ ማለት አይደለም። ልጅም እንዲሁ ነው። አምና ብዙ ሴኮንድ የቀነሰ ልጅ ዘንድሮ ትንሽ ቢቀንስ፣ «ምን ነካህ?» እያላችሁ አታስጨንቁት። መሐመድ ራሱ ምርጥ ሰዓቱን ያስመዘገበው በብራስልስ፣ በ19 ዓመቱ ነው። በ2006 በፖላንድ የቤት ውስጥ ሻምፒዮናውን ቢደግምም፣ ከዚያ የብራስልስ ሰዓት በታች አልወረደም።

ፍጥነቱ ከየት ይመጣል?

አንደኛ፣ ዕድገት ነው። ወንድ ልጅ ከ13 እስከ 17 ዓመቱ ባለው ጊዜ ቁመቱ ይመዘዛል፤ ልቡና ሳንባው ይሰፋል፤ ጡንቻው ይጠነክራል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ሊመስል ይችላል።

ሁለተኛ፣ መንገድ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአርሲ ገበሬ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር ደብተሩን በክንዱ ይዞ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ከግራና፣ ከሊብሶ፣ ከውርጌሳ በእግሩ የሚመላለስ ልጅም ሳያውቀው ሳንባውን እያሠራ ነው።

ሦስተኛ፣ ከፍታ ነው። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ነው። ሰውነት ይህንን ለመቋቋም አየር የሚሸከመውን ደም ያበዛል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ናት። ወልድያም 2100 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። መርሳ ዝቅ ያለችና የምትሞቅ ናት። ቢሆንም ከበላይዋ ተራራ አለላት።

አራተኛ፣ ልምምድ ነው። ልምምድ ሲባል በየቀኑ እስኪወድቁ መሮጥ አይደለም። አንድ ቀን ጠንከር፣ በማግስቱ ቀለል፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት። በሬ እንኳ ከጥማድ ይፈታ የለ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አምስተኛ፣ ምግብ ነው። በባዶ ሆዱ የሚሮጥ ልጅ ሰውነቱ ራሱን ይበላል። ውድ ነገር አያስፈልግም። ሽሮ፣ ምስር፣ የማሽላ ገንፎ፣ ከተገኘ ወተትና እንቁላል ይበቃል። ብዙ ውኃ ይጠጣ። በቆላው ቀበሌ በወባ ወቅት ትኩሳት ከያዘው ግን ሩጫ የለም፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሴት ልጅ ስትሮጥ

ሴት ልጅ ፈጥና ታድጋለች። ስለዚህ በልጅነቷ ወንዶቹን ልትቀድም ትችላለች። ከዚያ ሰውነቷ ሲለወጥ ሰዓቷ ለአንድ ሁለት ዓመት ባለበት ሊቆም ይችላል። ይህ የተፈጥሮ ነው። ያን ጊዜ «በቃ፣ አልሆነላትም፤ እንዳራት» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አትስሙት። ከ18 ዓመት በታች መዳር በሕግ የተከለከለ ነው። ያን ጊዜ የታገሷት ልጅ በ20 ዓመቷ ከቀድሞው በልጣ ልትሮጥ ትችላለች። ባትሮጥም የተማረች ሴት ትሆንላችኋለች።

ከመፈረም በፊት ማንበብ

ልጅ ሲፈጥን ሰው ይሰበሰባል። አንዱ «ውጭ አገር እወስደዋለሁ» ይላል። ሌላው «ዕድሜውን ሁለት ዓመት እንቀንስለትና ከታናናሾቹ ጋር ይሩጥ» ይላል። ዕድሜ መቀነስ ውሸት ነው። ሲታወቅ ልጁን ከውድድር ያሳግዳል፤ እውነተኛውንም ታናሽ ቦታውን ይነጥቀዋል። ወረቀት ሲመጣላችሁ ደግሞ አውራ ጣት ለማተም አትቸኩሉ። ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ። ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ስንት ዓመት ያስራል? ከሽልማቱ ስንት እጅ ለማን ነው? ልጁ ቢታመም ማን ያሳክመዋል? ትምህርቱስ? ያልገባችሁን ቃል ለመምህሩ አሳዩ። «አሁኑኑ ፈርሙ» የሚል ሰው ካለ ወረቀቱን መልሱለት።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

አንድ ደብተር ግዙለት። በየገጹ አራት ነገር ጻፉ፦ ቀን፣ ርቀት፣ ሰዓት፣ ሰውነቱ የተሰማው። የሩጫ ሜዳ ከሌለ ሜዳ ያለ ቦታ ፈልጉ። 50 ሜትር ገመድ ስምንት ጊዜ ብትዘረጉ 400 ሜትር ይሆናል። ያን ሁለት ጊዜ ሲሮጥ 800 ሞላ። በየወሩ አንድ ጊዜ ለኩት። በየቀኑ መለካት ልጁን ያታክተዋል። ሰዓቱን በእጅ ስልክ መያዝ ይቻላል።

ማሽላውስ? ወፍ ጥበቃውን ከጎረቤት ጋር በተራ አድርጉት። ልጁ ቅዳሜ ይጠብቅ፤ በሌላው ቀን የጎረቤት ልጅ ይጠብቅለት። ለሥራ ወንፈል ከኖረ ለሩጫም ይኖራል። ከትምህርቱ ሰዓት ግን አንድም ደቂቃ አትውሰዱ። ሯጭ ሁሉ ሻምፒዮን አይሆንም። ከብዙ ሺህ ልጆች አንዱ ቢደርስ ነው። የተማረ ሁሉ ግን ትምህርቱ አይጠፋበትም።

ስለዚህ ማታ ልጃችሁ ሲጠይቃችሁ እንዲህ በሉት፦ «ሩጥ ልጄ። ግን በልተህ ሩጥ፤ ተምረህ ሩጥ፤ በእውነተኛ ዕድሜህ ሩጥ። ሰዓቱን እኔ እጽፍልሃለሁ።»