ደመና የማይጋርደው ምስክር

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል መሬት በብርቱ የሚለወጠው በክረምት ነው። አፈር ይታጠባል፣ ወንዝ ሞልቶ ዳርቻውን ይጥሳል፣ ማሳ ይዘራል። በፀሐይ ብርሃን ፎቶ የሚያነሱ ሳተላይቶች ግን በእነዚህ ወራት ብዙውን ጊዜ የሚያዩት ደመናን ነው። ክትትላችንን በእነሱ ብቻ ከመሠረትን የምናውቀው የበጋዋን ኢትዮጵያ ይሆናል፤ ጉዳቱን ሲደርስ ሳናይ ጠባሳውን ብቻ እንለካለን። ራዳር ከደጋፊነት ወጥቶ የክትትሉ መሠረት ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ራዳር ብርሃን አይጠብቅም፤ የራሱን ሞገድ ልኮ ከመሬት የሚመለሰውን ይመዘግባል። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያመጠቃቸው የሴንቲነል-1 ሳተላይቶች ሞገድ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ስላለው ቀንም ሌሊትም ደመናን ዘልቆ ያልፋል። የተኛ ውኃ ሞገዱን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚመልሰው በምስሉ ላይ ይጠቁራል፤ አዋሽ ማሳ ሲያጥለቀልቅ ሰማዩ ሳይጠራ የጎርፉን ወሰን ማስመር የሚቻለው በዚህ ነው። በተለያየ ጊዜ የተነሱ ሁለት ምስሎች ሲነጻጸሩ ደግሞ የመሬት እንቅስቃሴ በሴንቲ ሜትር ይለካል። መስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ ቅልጥ ዐለት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ስንጥቅ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር መክፈቱ፣ የምድር መለኪያ መሣሪያ ብርቅ በሆነበት በዚያ በረሃ፣ በራዳር ምስሎች ተለክቷል።

ምስሉ አሳሳች ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እውነትም አላቸው። ነፋስ ያናወጠው ሐይቅ ሊነጣ፣ ለጥ ያለ ደረቅ አሸዋ ውኃ ሊመስል፣ የስሜን ገደላ ገደል በጥላ ሊሸፈን ይችላል። መፍትሔው ግን መሣሪያውን መተው አይደለም። የአንድ ቀንን ምስል ብቻ አምኖ ከመፍረድ ያንኑ ስፍራ በበጋና በክረምት፣ ከዓመት ዓመት ማነጻጸር ነው፤ በጥላ የተሸፈነውንም አይታይም ብሎ በግልጽ መመዝገብ። ራዳር ለውጡን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ደን መመንጠሩን ያሳያል፤ ማን ለምን እንደመነጠረው አያውቅም። ይህን የሚያውቁት አርሶ አደሩና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ናቸው። ስለዚህ ራዳሩ የት እንደምንሄድ ይጠቁመን፤ ፍርዱ ግን ቦታው ላይ ከተጣራ በኋላ ይሰጥ።

ወጪውም ሰበብ ሊሆን አይገባም። የሴንቲነል-1 ምስሎች ለማንም በነፃ ይሰጣሉ፤ የጎደለን የሚያነባቸው ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የራዳር ንባብን ከምርጫ ኮርስነት አውጥተው መደበኛ ትምህርት ያድርጉት፤ የክልል የመሬትና የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎችም የሠለጠነውን ባለሙያ ክረምቱ ሳይገባ ሥራ ላይ ያሰማሩት።