ጠላ ጥንስስ ውስጥ የሚሠሩት ሞተሮች

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ለበዓል የተጠነሰሰው ጌሾና ብቅል ጋኑ ውስጥ አረፋ መድፈቅ ሲጀምር፣ ዋናው ሠራተኛ ሳካሮማይሲስ ሰሪቪሲዬ የተባለው እርሾ ነው። አንዱ ሕዋስ 5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ምግብ ጠግቦ 30 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ በ90 ደቂቃ ገደማ ይራባል፤ የደጋው ብርድ ግን ያዘገየዋል።

ይህ እርሾ እኩል ለሁለት አይሰነጠቅም። ከጎኑ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው አድጎ ይለያል። ሥራውን የሚያቀላጥፉት ሞተር ፕሮቲኖች ናቸው፦

1. ማዮ2፦ እንደ ሸክመኛ በአክቲን ክር ላይ እየተራመደ፣ ለግድግዳና ለሽፋን መሥሪያ የሚሆነውን ዕቃ ወደ ቡቃያው ያደርሳል። ያለ እሱ ሕዋሱ ይሞታል።

2. ሲን8፦ ክሮሞዞሞቹ ከተባዙ በኋላ የክፍፍሉን ሁለት ዋልታዎች ገፍቶ ያራርቃል።

3. ዳይኒን፦ የቡቃያውን ሽፋን ተደግፎ ማይክሮቱቡሉን ይስባል፤ በዚህም ኒውክለሱ በጠባቡ አንገት በኩል ይገባል። ዳይኒን ቢጎድልም ሕዋሱ ወዲያው አይጠፋም፤ ማዮ2 በሌላ መንገድ ማይክሮቱቡሉን እየጎተተ ያግዛል።

4. ማዮ1፦ አንገቱ ላይ ቀለበት ሠርቶ ያጠብበዋል፤ እናትና ልጅ ይለያያሉ።

ሁሉም የሚንቀሳቀሱት በኤቲፒ ነው። እርሾው ኤቲፒውን ከብቅሉ ስኳር ሲያወጣ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተርፋሉ፤ አረፋው የዚህ ውጤት ነው።

የባዮሎጂ መምህራን፣ አንድ ጠብታ ጥንስስ በውሃ አቅጥናችሁ 400 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ለተማሪዎቻችሁ አሳዩ። ሞተሮቹ አይታዩም፤ ቡቃያው ግን በግልጽ ይታያል።